የስኳር በሽታና የቤተ ሰብ መሶብ



ዛሬ በለቅሶ ቤትም ሆነ በሰንበቴ ማኅበር ሰዎች በተሰበሰቡበት ስፍራ ጥቂት ቢቀመጡ፥ ስሙ ሳይነሣ የማይቀር አንድ በሽታ አለ፤ እርሱም የስኳር በሽታ ነው። የቀድሞ ሰዎች የባለጸጎች ደዌ ይሉት ነበር። አሁን ግን ነጋዴውንም መምህሩንም፥ ሾፌሩንም የቤት እመቤቲቱንም ሳይለይ ይጐበኛል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እንዳስታወቀው በ2024 ከ20 እስከ 79 ዓመት ዕድሜ ካላቸው የዓለም ሰዎች መካከል 589 ሚሊዮን የሚሆኑት ከዚህ በሽታ ጋራ ይኖሩ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በሽታው ወደ አንድ ቤት በገባ ጊዜ ሁለት ዓይነት ቃል ይሰማል። አንደኛው የተስፋ መቍረጥ ቃል ነው፤ ይኸውም «አንዴ ከያዘ አይለቅም፤ እንግዲህ ክኒኑን እየዋጡ የመጣውን መቀበል ነው» የሚለው ነው። ሁለተኛው የከንቱ ተስፋ ቃል ነው፤ «ይህን ሥር ጠጣ፥ ያን ቅጠል ቀቅል፥ የሐኪሙን መድኃኒት ጣል፥ በጥቂት ቀን ትድናለህ» ይላል። የመጀመሪያው ሰውን ያሰንፋል፤ ሁለተኛው ግን ይገድላል። እውነቱ በሁለቱ መካከል ይገኛል። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የያዛቸው ብዙ ሰዎች፥ በተለይም ከያዛቸው ጥቂት ዓመት ብቻ የሆነና ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ሰዎች፥ ምግባቸውንና ኑሯቸውን በመለወጥ በሽታውን ያለ መድኃኒት ወደ ኋላ ሊመልሱት እንደሚችሉ በዚህ ዘመን በምርመራ ተረጋግጧል። ነገር ግን ይህ ለሁሉ አይሆንም፤ ያለ ሐኪምም አይሆንም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤተ ሰቡ ሳይረዳው አንድ ሰው ብቻውን ሊወጣው የሚችል ሥራ አይደለም።

በሽታው ምንድር ነው?

ይህን ደዌ «ዲያቤቴስ» በሚለው ስም አጥርተው ከጻፉት የጥንት ሐኪሞች አንዱ የቀጰዶቅያው አሬጣዮስ ነበር። ይህ ግሪካዊ ሐኪም የሕመምተኛው ሥጋ እየቀለጠ በሽንት የሚፈስስ መስሎ እንደሚታይ ገልጿል። ምክንያቱ ግን ከእርሱ በኋላ ብዙ መቶ ዓመታት እስኪያልፉ ድረስ አልታወቀም።

የበላነው እንጀራ፥ ዳቦ፥ ድንችና ሌላውም እኽል በሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ወደ ስኳርነት ይለወጥና ወደ ደም ይገባል። ስኳሩ ከደም ወጥቶ ለጡንቻና ለሌላው የሰውነት ክፍል ኀይል እንዲሆን በር የሚከፍትለት ኢንሱሊን የሚባለው ቅመም ነው፤ ይህንም ቅመም የሚያዘጋጀው ከጨጓራ በስተኋላ የሚገኘው ቆሽት ነው። ኢንሱሊን በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ በ1921 ተገኘ፤ በ1922 በጥር ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕመምተኛ ተሰጠ። ከዚያ በፊት ኢንሱሊን ያጣ ልጅ ከሞት የሚያመልጥበት መንገድ አልነበረውም።

እዚህ ላይ አንባቢ አጥብቆ ሊለየው የሚገባ ነገር አለ። አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ቆሽት ኢንሱሊንን ጨርሶ ማዘጋጀት ሲያቅተው የሚመጣ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ልጆችንና ጐልማሶችን ይይዛል፤ መድኃኒቱም ኢንሱሊን ብቻ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ግን ኢንሱሊን እያለ ሰውነት አልታዘዘው ሲልና ቆሽትም እየደከመ ሲሄድ የሚመጣ ነው፤ በዓለም ላይ ከሚገኙት የስኳር ሕመምተኞች ከ100ው ከ90 የሚበልጡት የዚህኛው ዓይነት ናቸው። ወደ ኋላ ይመለሳል የምንለው ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ብቻ ነው።

በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ሐኪም ሮይ ቴይለር በ2008 ነገሩን እንዲህ አስረዱ። ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ለብዙ ዓመት ሲበላ ትርፉ ስብ ሆኖ ይከማቻል፤ ከቆዳ በታች ያለው ጎተራ ሲሞላ ስቡ ወደ ጕበት ይተርፋል። ስብ የወረረው ጕበት የኢንሱሊንን ትእዛዝ አይሰማም፤ ሌሊቱን ሁሉ ያለ ልክ ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ከጕበትም የተረፈው ስብ ወደ ቆሽት ይደርሳል፤ ቆሽትም በስብ ተጨንቆ ሥራውን ያጓድላል። እንግዲህ የበሽታው ሥር ስብ ከሆነ፥ ስቡ ከጕበትና ከቆሽት ቢወጣ ሥራቸው ሊመለስ ይገባል ማለት ነው። ይህ አሳብ ኋላ በምርመራ ተፈተነ።

ምርመራው ምን አሳየ?

ፍንጩ አስቀድሞ ታይቶ ነበር። በ1870 እና በ1871 የጀርመን ሠራዊት ፓሪስን ከብቦ ምግብ በጠፋ ጊዜ፥ አፖሊኔር ቡሻርዳ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ከሕመምተኞቹ መካከል የአንዳንዶቹ ሽንት ከስኳር እንደ ጠራ ተመለከተ። ረኃብ ሌላውን ሰው ሲጐዳ እነዚህን ከበሽታቸው አሳርፏቸው ነበር።

ሮይ ቴይለርና ባልደረቦቻቸው በ2011 ባሳተሙት ጥናት 11 ሕመምተኞች ለ8 ሳምንት በቀን 600 ካሎሪ ያህል ብቻ እንዲመገቡ አደረጉ። ካሎሪ ምግብ ለሰውነት የሚሰጠው ኀይል የሚለካበት መስፈሪያ ነው፤ አንድ ሙሉ ሰው በተራ ቀን ወደ 2,000 ወይም ከዚያ በላይ ይመገባል። በ7 ቀን ውስጥ ጧት ሳይበሉ የሚለካው የደማቸው ስኳር ወደ ጤነኛ ሰው ልክ ወረደ። በ8ኛው ሳምንት መጨረሻ የጕበታቸው ስብ እጅግ ቀነሰ፤ የቆሽታቸውም ስብ እየቀለለ ኢንሱሊን ማዘጋጀቱ ታደሰ። በኋላ እንደ ታወቀውም ከቆሽት የሚወጣው ስብ ከ1 ግራም ያነሰ ነው። እንዲህ ያለ ጥቂት ነገር ይህን ያህል ከባድ ሕመም መያዙ የሚያስደንቅ ነው።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ጥናት ሰፋ ያለ ነበር። በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ አገር፥ በትልቅ ሆስፒታል ሳይሆን በየሰፈሩ ባሉት የሐኪም ቤቶች፥ ከያዛቸው 6 ዓመት ያልሞላና ኢንሱሊን የማይወጉ ሰዎች በሁለት ወገን ተከፈሉ፤ በየወገኑም 149 ሰዎች ተቈጠሩ። የመጀመሪያው ወገን ከ3 እስከ 5 ወር በቀን 850 ካሎሪ የማይሞላ፥ በውኃ እየተበጠበጠ የሚጠጣ የተመጠነ ምግብ ብቻ ወሰደ፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ወደ ተራ ምግብ ተመለሰ፤ ነርሶችና የምግብ ባለሙያዎችም ይከታተሉት ነበር። ሁለተኛው ወገን የተለመደውን ሕክምና ቀጠለ። ውጤቱ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በ2017 ወጣ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያው ወገን 68 ሰዎች ያለ መድኃኒት ከበሽታው ልክ በታች ሆነው ተገኙ፤ ከሁለተኛው ወገን ግን 6 ብቻ።

ከዚህም ይልቅ የሚያስተምረው የክብደቱ ነገር ነው። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት 36 ሰዎች መካከል 31ዱ ከበሽታው አረፉ። ከ10 እስከ 15 ኪሎ ከቀነሱት ከግማሽ የሚበልጡት አረፉ፤ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ከቀነሱት ከ3ቱ አንዱ ያህል። ክብደት ከጨመሩት ግን አንድም አልነበረም። ስለዚህ በዱቄቱ ውስጥ የተሰወረ ተአምር የለም፤ በሽታውን ያራቀው ክብደቱ መቀነሱና በተቀነሰበት መቈየቱ ነው።

ይህም የእንግሊዝ ሰዎች ብቻ ዕድል አይደለም። በዐረብ ባሕረ ሰላጤ በኳታር ከመካከለኛው ምሥራቅና ከሰሜን አፍሪቃ አገሮች በመጡ 147 ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ጥናት ተደርጎ በ2020 ታትሟል። እነርሱም ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 50 የሆነና ከያዛቸው 3 ዓመት ያላለፋቸው ነበሩ። ምግባቸውን ለውጠው እንቅስቃሴ ከጨመሩት ከ100ው 61 ያህሉ፥ ከሌሎቹ ግን ከ100ው 12 ያህሉ በዓመቱ ከበሽታው አርፈው ተገኝተዋል።

የእኛም ወገኖች ታሪክ በሽታው ከኑሮ ጋራ እንዴት እንደሚመጣ ያሳያል። በ1984 እና በ1985፥ ደግሞም በ1991 ወደ እስራኤል አገር ከተጓዙት ቤተ እስራኤል መካከል፥ በጐንደርና በትግራይ ገጠር ሳሉ እምብዛም የማያውቁት ይህ በሽታ ከተጓዙ በኋላ በብዙዎች ላይ ታየ። እህሉ ተለወጠ፤ ነጭ ዳቦና ጣፋጭ መጠጥ ቀረበ፤ በእግር መሄድ ቀረ። እንዲያውም በዚያ አገር የተደረጉ ጥናቶች የኢትዮጵያ ተወላጆች ከሌሎች ባነሰ ክብደት ሳሉ በሽታው እንደሚይዛቸው አሳይተዋል። እንግዲህ «እኔ አልወፈርኩም» ብሎ መዘናጋት አይገባም። የሁሉ ሰው ስልቻ እኩል አይደለም፤ አንዱ 100 ኪሎ ሆኖ ሳይሞላ ሌላው በ70 ኪሎ ይሞላበታል። በኒውካስል ክብደታቸው ብዙ ካልሆነ 20 ሕመምተኞች መካከል ጥቂት ጥቂት ኪሎ ቀንሰው 14ቱ ማረፋቸው ይህንኑ ያጸናል።

የተዳፈነ እሳት

ሐኪሞች ይህን ማረፍ «መዳን» ብለው ለመጥራት አይደፍሩም። በ2021 የልዩ ልዩ አገሮች የስኳር ሐኪሞች ተስማምተው በጻፉት ደንብ፥ ሰውዬው መድኃኒት ካቋረጠ ቢያንስ 3 ወር ካለፈው በኋላ የሦስት ወር ስኳር የሚባለው የደም ምርመራ ከ6.5 በመቶ በታች ሲሆን በሽታው ወደ ኋላ ተመለሰ ይባላል። እኛም ከየቤታችን ምድጃ ምሳሌ ወስደን ተዳፈነ ብንለው ነገሩን በሚገባ ይገልጸዋል። የቤት እመቤት ማታ ፍሙን በአመድ ታዳፍነዋለች፤ ላዩ ቀዝቃዛ ነው፥ አይፈጅም፥ አያጤስም። ነገር ግን ጧት ገለጥ አድርገው ጭራሮ ቢጨምሩበት ይነዳል።

ይህም በቍጥር ታይቷል። ከላይ በተነገረው በስኮትላንድና በእንግሊዝ ጥናት በመጀመሪያው ዓመት ያረፉት 68 ሰዎች በሁለተኛው ዓመት 53 ሆኑ። ሁለት ዓመት ላይ አርፈው ከነበሩትና ክትትሉን ከቀጠሉት መካከል እስከ 5 ዓመት የዘለቁት ከ4ቱ አንዱ ያህል ናቸው። ክብደቱ በተመለሰ ቍጥር በሽታውም ተመልሷል። ይህን የምንናገረው ተስፋ ለማስቈረጥ አይደለም፤ አንድ ዓመትም ሁለት ዓመትም ደም ከስኳር ብዛት ማረፉ ለዐይን፥ ለኵላሊትና ለልብ ትርፍ ነው። ነገር ግን ክብደቱን ከመቀነስ ይልቅ ቀንሶ መጠበቅ እንደሚከብድ ሁሉም አውቆ ይግባበት። ጥበቃው ደግሞ የሚሆነው በሐኪም ቤት ሳይሆን በመሶቡ ዙሪያ ነው።

ለማን አይሆንም?

አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ይህን መንገድ አይሞክር። ኢንሱሊኑን ቢያቋርጥ በጥቂት ቀን ውስጥ ደሙ ተመርዞ ይሞታል።

ከዚህ ሌላ በአገራችን በብርቱ ሊታሰብበት የሚገባ አለ። በጐንደርና በጅማ ዙሪያ ገጠር የሚሠሩ ሐኪሞች፥ ብዙዎቹ የስኳር ሕመምተኞቻቸው ቀጫጭን፥ ድኻና በልጅነት ምግብ የጐደላቸው መሆናቸውን ከብዙ ዓመት ጀምሮ ጽፈዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም በ2025 ባንኮክ ላይ ባደረገው ጉባኤ ከምግብ እጦት ጋራ የተያያዘውን የስኳር በሽታ አምስተኛው ዓይነት ብሎ ለብቻው አውቆታል። እንዲህ ላለው ሰው «ምግብ ቀንስ» ማለት በቍስል ላይ እንጨት መስደድ ነው፤ እርሱ የሚያስፈልገው ምግብና ሕክምና ነው። ስለዚህ ቀጭን የሆነ፥ ወይም ሳያስበው በድንገት የከሳ የስኳር ሕመምተኛ ዓይነቱ በሐኪም ሳይለይለት ምግብ አይቀንስ። እርጉዝ ሴትና የምታጠባ እናት፥ ልጆችም ይህን አይሞክሩ።

በቤት ውስጥ ከየት ይጀመራል?

በቀን 850 ካሎሪ የማይሞላው ምግብ በሐኪም ዐይን ሥር የሚደረግ ሕክምና ነው፤ ማንም በቤቱ ብቻውን አይጀምረው። ቤተ ሰቡ ግን ዛሬ ማታ ሊጀምራቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ።

መጀመሪያ ከሚጠጣው ስኳር ይነሣ። እስቲ እንደ ተማሪ እናስላ። በቀን 4 ብርጭቆ ሻይ የሚጠጣና በየብርጭቆው 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው በቀን 12 ማንኪያ ይወስዳል። አንዱ ማንኪያ ሳይቈለል 4 ግራም ቢይዝ 48 ግራም ይሆናል፤ ይህም በ365 ቀን ሲባዛ 17 ኪሎ ተኩል ስኳር ነው። አንድ ሰው በሻይ ብቻ! አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥም ወደ 30 ግራም፥ ማለት 7 ወይም 8 ማንኪያ ስኳር ይዟል። «ማር ግን መድኃኒት ነው» የሚል ብዙ ነው፤ ለስኳር ሕመምተኛ ግን ማርም፥ ብርዝም፥ ከፍሬ የተጨመቀ ጭማቂም በደም ውስጥ ሥራቸው የስኳር ነው። ብርቱካኑን ከነሥጋው መብላት ከመጭመቁ ይሻላል። ስኳሩን በአንድ ጊዜ መተው የከበደው በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ይቀንስ፤ ምላስ ቶሎ ይለምዳል።

ሁለተኛ የትሪው አሠራር ይለወጥ። እንጀራው በዝቶ ወጡ እንደ ማጣፈጫ ጠብ የሚልበትን ገልብጦ፥ ጐመኑን፥ ፎሶልያውን፥ ሰላጣውን ግማሽ ማድረግ፤ ምስሩን፥ ሽምብራውን፥ ባቄላውን፥ ወይም በፍስክ ቀን እንቍላሉንና ሥጋውን ሩብ፤ እንጀራውን የቀረውን ሩብ። ጥራጥሬ ቀስ ብሎ ስለሚፈጭ ስኳሩን በአንድ ጊዜ ወደ ደም አይለቅም፤ ሆድንም ይይዛል። በዚህ ረገድ አባቶቻችንና እናቶቻችን ያወረሱን ማዕድ እጅግ ባለጸጋ ነው። ነጭ ዳቦ፥ ፓስታና ሩዝ በየቀኑ ቦታውን እንዳይወስዱት መጠንቀቅ ነው። እንጀራን በእንጀራ መብላት፥ ማለት ፍርፍርን በእንጀራ መጠቅለል፥ ለዚህ ሕመምተኛ አይስማማም።

ሦስተኛ ዘይቱ ይለካ። 1 ግራም ስኳር 4 ካሎሪ ሲሰጥ 1 ግራም ዘይት 9 ካሎሪ ይሰጣል። ከጠርሙሱ ወደ ድስቱ በዐይን ግምት ሲንቈረቈር ማንም አይቈጥረውም። ዘይቱን በሾርባ ማንኪያ እየለኩ ማፍሰስ፥ ሽንኵርቱንም በውኃ ጠብ እያደረጉ ማቍላላት ወጡን አያበላሸውም።

አራተኛ እግር ይሥራ። ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ኢንሱሊን ሳይበዛ እንኳ ስኳርን ከደም ይስባል፤ ስለዚህ ከምሳና ከእራት በኋላ ሩብ ሰዓት መራመድ የሚሰጠው ጥቅም ከሚታሰበው በላይ ነው። በሳምንት 150 ደቂቃ፥ ማለት በ5 ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መሄድ ለአዋቂ ሰው የሚመከረው ልክ ነው። በአሜሪካ አገር 3,234 ሰዎች ገብተውበት በ2002 በታተመው ጥናት፥ ለበሽታው የተቃረቡ ሰዎች ከክብደታቸው ከ100 እጅ 7ቱን ለመቀነስና ይህን ያህል ለመንቀሳቀስ ሲተጉ፥ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከ100 እጅ 58 እጅ ቀንሷል። በመድኃኒት ብቻ የቀነሰው ግን 31 እጅ ነበር። እንግዲህ ይህ ነገር ለልጆችና ለወንድሞችም ጭምር ነው፤ የታመመው አንዱ ቢሆን የቤቱ ሁሉ ደም አንድ ነውና፥ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ስለ ጾም

ብዙ አንባብያን በልባቸው የያዙት ጥያቄ ይኖራል፤ ጾማችን ለዚህ በሽታ መድኃኒት አይሆንምን? ምእመናን በዓመት 180 ቀን ያህል ከሥጋና ከወተት፥ ከእንቍላልና ከቅቤ እየተከለከልን ምነው እንወፍራለን? ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የጾም ምግብ ሁሉ ቀላል ምግብ አይደለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቈይቶ በአንድ ጊዜ የሁለት ምግብ እንጀራ በዘይት በጠገበ ወጥ የሚበላና በላዩ ሦስት ብርጭቆ ጣፋጭ ሻይ የሚጠጣ ሰው ሰዓቱን ጾመ እንጂ ምግቡን አልቀነሰም። ጥራጥሬውና ጐመኑ በዝቶ በልክ የሚበላበት ጾም ግን ለሥጋም ይረዳል። ጾምን ለኪሎ መቀነሻ ብሎ መያዝ ዓላማውን ማሳነስ ነው፤ የጾምን ልክ ማወቅ ግን ለነፍስም ለሥጋም አንድ ትምህርት ነው።

ነገር ግን ኢንሱሊን የሚወጋ፥ ወይም ግሊቤንክላሚድን የመሰለ ክኒን የሚውጥ ሰው መድኃኒቱን ወስዶ ሳይበላ ቢቈይ ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ይወድቃል። ላብ፥ መንቀጥቀጥ፥ ድንገተኛ ረኃብ፥ የአሳብ መዛባት ምልክቶቹ ናቸው። ይህ በታየ ጊዜ ጾም ነው ሳይሉ ወዲያው ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፥ ራሱን የሳተውን ግን በአፉ ምንም ሳይጨምሩ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ይገባል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ከጾሙ አስቀድሞ ከሐኪሙና ከንስሓ አባቱ ጋራ ይምከር። ቤተ ክርስቲያን ለድውይ የምታዝን እናት ናት፤ ከዐቅሙ በላይ አትጭንበትም።

ስለ ጠበልም ነገሩ እንዲሁ ነው። ጠበል መጠመቅ መድኃኒት መጣልን አይጠይቅም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ስለ ማክበር ያስተማረው በከንቱ አይደለም። ኢንሱሊኑን ከቤት ትቶ ወደ ጠበል የሚሄድን ሰው የሚያይ ዘመድ ዝም አይበል፤ መድኃኒቱን ከጸሎት መጽሐፉ ጋራ በአንድ ከረጢት ያኑርለት።

ስለ «በሞቴ»

ይህን ሁሉ የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ ክፉ ነገር ሳይሆን የፍቅር ነገር ነው። በማኅበሩ፥ በተዝካሩ፥ በሠርጉ ቤት «በሞቴ! አንድ ጊዜ ብቻ! እኔን ይንቁኛል?» ይባላል። ጉርሻው ከአንድ እጅ በኋላ ከሌላ እጅ ይመጣል፤ እንቢ ያለ ሰው ኵሩ ይባላል። ሕመምተኛውም ከማፈር የተነሣ ይበላል፥ ይጠጣል፤ ማታ ግን ጣጣውን ብቻውን ይችላል። የታመመውን ሰው የምንወድድ ከሆነ ፍቅራችንን በሌላ መንገድ እናሳየው። ባለቤቲቱ ሻዩን ያለ ስኳር አቅርባ ስኳሩን ለብቻ ታስቀምጥ፤ ከጠጁና ከጠላው ጋራ ንጹሕ ውኃ በክብር ዕቃ ይቅረብ፤ ከዳቦው ጐን ቆሎ ይኑር። ጉርሻም ካስፈለገ ከጐመኑ ይሁን!

በቤት ውስጥም ለታመመው ብቻ የተለየ ሰሐን ማቅረብ ቅጣት ይመስላል። አባት በአንድ ጥግ ምስሩን ሲበላ ልጆች በሌላው ጥግ ለስላሳ ሲጠጡ ጥበቃው አይዘልቅም። መላው ቤት በአንድ ማዕድ እንደ እርሱ ቢበላ ግን እርሱ ይጠበቃል፥ ልጆቹም ይተርፋሉ። የተዳፈነውን ፍም ማን እንደሚገልጠው አይታወቅምና ጠባቂው ሁሉ ይሁን።

ሊታወስ የሚገባው

በመጨረሻ ጥቂት ነገር እንጨምር። ክብደቱ ሲቀንስ የመድኃኒቱም ልክ መለወጥ ስላለበት፥ ምግብ መቀነስ የሚጀምር ሰው በዚያው ቀን ለሐኪሙ ያስታውቅ፤ የስኳርም የደም ግፊትም መድኃኒት ሳይስተካከል ቢቈይ አደጋ አለው። መድኃኒትን መቀነስና ማቋረጥ የሐኪም ሥልጣን ነው። በሽታው ከተዳፈነ በኋላም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የሦስት ወር ስኳር፥ ዐይን፥ ኵላሊትና እግር ይመርመሩ። ስኳር ለብዙ ዓመት የቈየበት ሰው የእግሩ ስሜት ሊደነዝዝ ይችላል፤ በቤተ ክርስቲያን ጫማችንን አውልቀን ስንቆም እሾህ ወይም ጠጠር ቢወጋው ላይሰማው ይችላልና፥ ወደ ቤቱ ሲመለስ እግሩን አጥቦ ውስጡን ይመልከት፤ ማየት ቢያቅተው ልጁ ይመልከትለት።

ከያዘው 10 ወይም 15 ዓመት ያለፈው ሰውም «ለእኔ ጊዜው አለፈ» አይበል። ከመድኃኒት ሙሉ በሙሉ መላቀቁ ለእርሱ ይከብድ ይሆናል፤ ነገር ግን ክብደቱን የቀነሰና በእግሩ የሄደ ሁሉ ያነሰ መድኃኒት፥ የተሻለ የደም ግፊት፥ የቀለለ ጕልበት ያገኛል። በሽታው ገና የተነገረው ሰው ግን ጊዜውን ያትርፍ፤ በሩ ሰፊ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነውና። በዚህ ወር በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ቢኖር፥ ነገ ጧት ሻዩን ያለ ስኳር ስትጠጡ እርሱን ብቻ አታስጠጡት፤ አብራችሁት ጠጡ።

እግዚአብሔር ለድውያን ምሕረትን፥ ለአስታማሚዎች ትዕግሥትን ያድልልን።